የእጅ ዋስ

አሰላ ሳስተምር የተከራየሁት አንዲት ፍራሽ ሰፊ ሴት ቤት ነበር። ይህን ለሰው ስናገር፣ "ታድለህ! እንግዲያ ተመችቶህ ኖረሃል" ይሉኛል። ሳቄ ይመጣል። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ አጥንት ድረስ በሚገባበት በዚያ ከተማ፣ እንደ እኔ በባዶ መደብ ላይ የተኛ ሰው ያለ አይመስለኝም። ማምሻውን በሬ ይንኳኳል። "መምህር፣ ፍራሽህን አውጣ!" ይባላል። አወጣለሁ። የት አባቴ እደርሳለሁ?

ትእዛዙን የሚሰጡት አከራዬ እትዬ አሰለፈች ነበሩ። ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ካሚዮን ገና እያነከሰ መንገድ ላይ የሚታይበት ዘመን። እትዬ አሰለፈች አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ከገበያው ማዶ የሚሰማ ሴት ነበሩ። አያታቸው ከሸዋ የመጡ ወታደር ናቸው። እሳቸው ግን እዚያው አሰላ ተወልደው ስላደጉ ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲምሉ በኦሮምኛ ነበር። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። የጆንያ መርፌያቸውን ከነክሩ ነጠላቸው ላይ ሰክተው ስለሚዞሩ ማንም ሰው ዘሎ አቅፎ ሊስማቸው አይደፍርም።

ሥራቸው ለድሃ የገብስ ጭድ፣ ደህና ኑሮ ላለው ጥጥ እየሞሉ ፍራሽ መስፋት ነው። ያለቀው ፍራሽ ባለቤቱ እስኪወስደው ጓዳ ውስጥ ይደረደራል። ባሏ የደበደባት ሴት ልጆቿን እየጎተተች ስትመጣ የምትተኛው እዚያ ላይ ነው። ጓዳው ባዶ የሆነ ዕለት ደግሞ የእኔ ፍራሽ ይወጣል። ስለዚህ አሰላ ውስጥ ብዙ የተከበረ ሰው አዲስ ነው ብሎ የተኛበት ፍራሽ አስቀድማ ያለቀሰችበት ሴት ነበረች። አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ "እትዬ፣ ይሄ ፍራሽ ሽንት ሽንት ይለኛል" ብሎ ቢመጣ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ "ጭዱ ዝናብ ያየው ገብስ ነው፤ ፀሐይ ላይ አውጣው" ብለው መለሱት። ዞር ሲል ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ "የሸናበት የግድግዳ ጎረቤቱ ልጅ ነው። ሌት ተቀን ጩኸቱን እየሰማ ዝም አለ፤ ሽታውንም ይቻለው" አሉኝ።

በዚያ ጊዜ ሚስት ስትመታ የሚሆነው የታወቀ ነው። ሽማግሌ ይሰበሰባል። "እግርና እግርም ይጋጫል" ይባላል። ባል ይቅርታ ይጠይቃል፣ ወይም የጠየቀ ይመስላል። ሴቲቱ "በይ ቤትሽ ግቢ" ትባልና ትገባለች። እትዬ አሰለፈች ይህን ሥርዓት አላፈረሱም፤ ለሽማግሌ ትልቅ ክብር ነበራቸው። አንዲት ነገር ብቻ ጨመሩበት። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሊነሱ ሲሉ፣ እሳቸው ከጓዳ በር ላይ ሆነው፣ "ዋሱስ?" ይላሉ።

"የምን ዋስ?"

"የእጁ ዋስ። በሬ የተዋሰ ሰው እንኳ ዋስ ይጠራል። ይሄማ ሰው ይዞ ነው የሚሄደው።"

ዋሱ የሚገባው ግዴታ ቀላል አልነበረም። ያ ባል ሁለተኛ እጁን ካነሳ፣ ዋሱ ሚስቲቱን ከነልጆቿ ራሱ ቤት ወስዶ ያኖራል። ያበላል፣ ያለብሳል፤ እስከ መቼ የሚል ነገር የለም። መጀመሪያ ላይ ሳቁባቸው። ነገር ግን የእኛ ሰው በብዙ ነገር ይቀልዳል እንጂ በዋስ አይቀልድም። ውሎ አድሮ የአሰላ ባሎች የእጅ ዋስ ፍለጋ ደጅ ይጠኑ ጀመር። ከሁሉ የሚበረታው ጠባቂ ደግሞ የዋሱ ሚስት ሆና ተገኘች። ቤቷ እንግዳ እንዳይጫንባት፣ "ያ ጓደኛህ ዛሬ ጠጥቶ አልፏል፤ ሂድና እየው!" እያለች ባሏን ከማዕድ ታስነሳለች።

አንድ ሽማግሌ፣ "አሰለፈች፣ ሴትና አህያ እኮ ያለ ዱላ…" ብለው ሳይጨርሱ፣ "አባባ፣ ጭድ የምታመጣልኝ አህያ ዱላ አይታ አታውቅም። ይኸው ሁልጊዜ ከእርስዎ ቀድማ ትደርሳለች" አሏቸው። ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው ይህን እየሳቁ ያወሩልኝ።

ለምን እንዲህ እንደሚደክሙ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። መርፌያቸው ሳይቆም፣ "እናቴ ዋስ አልነበራትም" አሉኝና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኋቸውም።

እትዬ አሰለፈችን የፈተነው የዘነበች ጉዳይ ነው። የዘነበች ባል አበራ የወፍጮ ቤት ሞተረኛ ነበር። ተጫዋች ነው፤ ገና በሩቁ "ደህና ዋልክ መምህር!" ሲልህ ቀንህ ይቃናል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው ነው። ልጁ ጌታቸው ክፍሌ ውስጥ ይማር ነበር። አንድ ቀን "ተቀመጥ" ስለው እምቢ አለኝ። ደግሜ ስለው ቆሞ ያየኛል። ልቆጣው ተጠግቼ ሳየው ሱሪው ከኋላው ከሥጋው ጋር ተጣብቋል። ልጁን ይዤ የሄድኩት ወደ ዳይሬክተሩ አልነበረም፤ ወደ ፍራሽ ሰፊዋ ነው። እትዬ አሰለፈች ቁስሉን በሞቀ ውኃ እያራሱ ሱሪውን አላቀቁለት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና ወጡ፤ ሲመለሱ እርጉዟን ዘነበችንና ትንሿን ልጅ ይዘው ነበር።

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ዋስ ተጠየቀ። አበራ ብዙ ወዳጅ ስላለው ስንቱን ጠራ። እትዬ አሰለፈች ግን ሁሉንም መለሱ። "የአንድ ክፍል ቤት ዋስ አልፈልግም። እሷና ልጆቿ የት ይግቡ? ዋስ ማለት ሰፊ ቤት ነው" አሉና ራሳቸው መረጡ። የመረጡት የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ግራዝማች መኩሪያን ነው። ግራዝማች ብዙ መሬትና ብዙ ጭሰኛ ያላቸው፣ ሲናገሩ የሚደመጡ፣ ግቢያቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የማያንስ ሰው ነበሩ። ሳቅ ብለው፣ "በእኔ ይሁን" አሉ። እትዬ አሰለፈች ያን ቀን ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ማን ግራዝማችን አዋርዶ እጁን ያነሳል?

ዘነበች ወለደች። ክርስትና ሳይነሳ፣ ገና አራስ ሳለች፣ አበራ ደበደባት። ምክንያቱን አልጽፍም፤ ለዚህ ምክንያት የለውም። ቅዳሜ ጠዋት ሕፃኑን ታቅፋ፣ አንድ ዓይኗ ተደፍኖ፣ ጌታቸው እህቱን አዝሎ መጡ። እኔ ልጁን ሳየው አለቀስኩ። እትዬ አሰለፈች አላለቀሱም። ወደ ግራዝማች ሰው ላኩ፤ "ዋስነትዎ ደርሷል" ብለው። መልሱን ያመጣው ዘበኛቸው ነው።

"ግራዝማች፣ 'ለጨዋታ ያልኩት ነው፤ የሰው ሚስት ቤቴ አላስገባም። ቤቷ ትግባ' ብለዋል።"

ቤቷ ብትገባ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። እሷም ታውቃለች፤ "ሕፃኑን ያዙልኝ፤ እኔ ልሂድ" ስትል ድምፅዋ ቀድሞ የሞተ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። እትዬ አሰለፈች "ዝም በይ!" ብለው ጓዳ ገቡና አንዱን አዲስ ፍራሽ ጎትተው አወጡ። ልሸከምላቸው ብል ገፈተሩኝ። ራሳቸው ላይ ጭነው፣ ቅዳሜ ገበያ መሀል ለመሀል፣ በሽንኩርቱና በቅቤው ተራ አቋርጠው፣ ዘነበችንና ልጆቹን አስከትለው ሄዱ። ገበያተኛው መንገድ ለቀቀላቸው። ፍራሹን ግራዝማች በር ላይ ዘረጉት። "ዋስ ነዎት፤ ያስገቡን!" ብለው ሲጮሁ በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ።

ሰው ተሰበሰበ፤ የሚያዝን አለ፣ የሚስቅም አለ። በዚህ መሀል ሃዳ ከድር መጣች። ስሟ የከድር እናት ማለት ነው። ለእትዬ አሰለፈች የገብስ ጭድ፣ ለገበያው ቅቤ የምታመጣ የአርሲ ሴት ናት፤ ባሏ የግራዝማች ጭሰኛ ነው። ቅቤዋን እንደያዘች ወደ ፍራሹ ጎንበስ አለች።

"አሰለፈች፣ መታት?"

"መታት።"

"ልጅ መቼ ወለደች?"

"አራስ ናት። አርባዋ አልወጣም።"

ሃዳ ከድር የሕፃኑን ግንባር ነካች። ምንም ሳትናገር ቅቤዋን ሳትሸጥ ወደ መጣችበት ተመለሰች። እኔ የተሰላቸች መስሎኝ ነበር። እትዬ አሰለፈች ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "ነገ ታያለህ" አሉኝ። ሕፃኑን ብርድ እንዳይመታው ወደ ቤት መለስናቸው፤ ፍራሹ ግን እዚያው ቀረ።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ተመልሰን ስንቀመጥ ከወደ ቁልቁለቱ የሴቶች ዜማ ተሰማ። በረድፍ ሆነው እየዘፈኑ ይወጣሉ፤ አሮጊቶች ከፊት፣ ወጣቶቹ ከኋላ። እያንዳንዷ ቀጭን ቀጥ ያለች በትር ይዛለች። ሲንቄ ይሏታል። እናት ልጇን ስትድር ትሰጣታለች። ማንም አይመታባትም፤ ሴቲቱ ይዛት በሁለት ጠበኞች መሀል ከቆመች ግን ወንድ ያንን አልፎ አይሄድም። አራስ የተመታች ጊዜ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ቤታቸውን ጥለው ይወጣሉ፤ እርቅ እስኪወርድ አይመለሱም። ይህች የእኛ ዘር ናት፣ ይህች የእነሱ ናት ብላ የጠየቀች ሴት አልሰማሁም። መጥተው ፍራሹን ከበው ተቀመጡ።

ረፋዱ ላይ የግራዝማች ጭሰኞች ደርሰው ቆሙ። ላሞቹ አልታለቡም፤ ጥጆቹ ይጮኻሉ፤ ልጆቹ አልበሉም። የሃዳ ከድር ባል የሚያለቅስ ልጅ በክንዱ ይዞ ሚስቱን ለመናት። እሷ በበትሯ የግራዝማችን በር አሳየችው። እኛ ወንዶቹ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመን እናያለን። ቅዳሴ ወጥቶ ስለነበር ከተማው በሙሉ እዚያ ነው።

በሩ ተከፈተ። ግራዝማች ይወጣሉ ብለን ስንጠብቅ የወጡት ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው። የሺመቤትን ከተማው የሚያውቃቸው ከሩቅ ነው፤ ተሸፋፍነው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ተሸፋፍነው ወደ ቤት። ቀስ ብለው መጡ። ፍራሹ ዘንድ ሲደርሱ ነጠላቸውን ከፊታቸውና ከአንገታቸው አወረዱ። ከጆሯቸው ሥር ያረጀ ጠባሳ አለ፤ ከእሱ በታች ገና ያልጠቆረ ሰንበር። ከዚያ ከዘነበች ጎን፣ ጭድ ፍራሽ ላይ፣ ተቀመጡ።

እትዬ አሰለፈች ፊታቸው አመድ መስሏል። ያን ሁሉ ጊዜ መርጠው፣ መዝነው፣ ለደብዳቢ ደብዳቢ ዋስ ጠርተው ኖሯል። በመጨረሻ እንዲህ ብቻ አሉ፦

"ዘነበች፣ ጠጋ በይላቸው።"

ግራዝማች በር ላይ ብቅ አሉ። "የሺ! ግቢ!" አሉ። የሺመቤት አልተነቃነቁም። ግራዝማች ወደ ፊት ሲራመዱ ሴቶቹ እኩል ተነሱ፤ በትራቸውን አግድም ያዙ። ግራዝማች ዘወር ብለው ጭሰኞቻቸውን አዩ። ከመሀላቸው አንድም ወንድ አልተንቀሳቀሰም። ያኔ ነው ሽማግሌ የጠየቁት።

ብዙ ተባለ። በስተመጨረሻ ግራዝማች ዓይናቸው መሬት ላይ ሆኖ፣ "ዋስ ነበርኩ፤ ዘነበችና ልጆቿ ቤቴ ይግቡ። አበራም ወፍጮ ቤቴን ከዛሬ ጀምሮ አይረግጥም" አሉ። እልልታ ተጀመረ። እትዬ አሰለፈች እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

"ይሄ የትናንቱ ነው ግራዝማች። የዛሬውስ? ወይዘሮ የሺመቤት ይገባሉ አይደል? የእጅዎን ዋስ ይጥሩ።"

ግራዝማች ዙሪያውን አዩ። እሳቸው ባዩት ቁጥር ባለ ማዕረጉም፣ ነጋዴውም፣ ሽማግሌውም ጫማውን ያያል። ከእሳቸው የበለጠ ሰፊ ቤት ያለው ሰው ደግሞ አሰላ ውስጥ የለም። ያኔ ከሴቶቹ መሀል አንድ ድምፅ መጣ።

"ዋስ እኔ ነኝ።" ሃዳ ከድር ናት።

ከወንዶቹ አንዱ ሳቀ። እሷ አላየችውም፤ የምታየው ግራዝማችን ነው። "ቤቴ ትንሽ ነው፤ ላም፣ ጥጃ ሁሉ እዚያ ነው የሚያድረው። ግን ወተት አለ። የሺመቤት ከተመታች ወደ እኔ ትመጣለች። እኔ ዘንድ ትቀመጣለች። ሰው ሁሉ ደግሞ ያያል።"

የግራዝማች ሚስት በጭሰኛቸው ጎጆ! ግራዝማችን ላብ አጠመቃቸው። በኦሮምኛ ሲያዙ እንጂ ሲለምኑ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቶሌ" አሉ፤ እሺ ማለት ነው። እኔ በሕይወቴ ከዚያ የከበደ እሺ አልሰማሁም።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ አሰለፈች ደጃፋቸው ላይ ሲደርሱ ቁጭ አሉና አለቀሱ። "መምህር፣ የየሺመቤትን ፍራሽ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስለካው፣ ሳደርስላት፣ አንድ ቀን እንዴት ነሽ አላልኳት። ሰፊ ቤት ውስጥ ዱላ የማይገባ መስሎኝ!" አሉ። ከዚያ በኋላ ሰፊ ቤት ጠባብ ቤት ብለው አልለዩም። ፍራሽ ልታዝ የመጣችን ሴት ሁሉ፣ የባለሥልጣን ሚስት ትሁን የጋሪ ነጂ፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ "እጁስ ደህና ነው?" ይላሉ። አንዳንዶቹ ይቆጡ ነበር። አንዳንዶቹ ግን በሩን ዘግተው ይቀመጡ ነበር።

ዘነበች አበራ ቤት አልተመለሰችም። አበራ ከወፍጮ ቤቱ ሲባረር ጮሌ ወደምትባል ከተማ ሄደ ተባለ፤ ተመልሶ አልመጣም። እሷ ከወይዘሮ የሺመቤት ጋር በአንድ ግቢ ኖረች፤ ልጆቿ እዚያው ሆነው ተማሩ። የግራዝማች እጅም፣ ሃዳ ከድር በየሳምንቱ ቅቤ ይዛ ሰበብ እየፈጠረች ትገባ ስለነበር፣ ኪሱን ለመደ።

እኔ ትዳር ስይዝ ሙሽራዬን አስከትዬ ልሰናበታቸው ሄድኩ። መረቁን፤ ዕንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "በል ዋስ ጥራ" አሉ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ከፍራሼ ጀምሮ ያለኝን ሁሉ ለእሳቸው መስጠት የለመድኩ ነኝና፣ "እርስዎ ይሁኑልኛ" አልኩ። ባለቤቴን አዩዋት። "ትቀበይኛለሽ?" አሏት። "እቀበላለሁ" አለች።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንድ ቀን ናዝሬት ቤታችን በር ላይ ጌታቸው ቆሞ አገኘሁት፤ ሮቤ አስተማሪ ሆኗል። አንገቱን ደፍቶ ሲቆም ገባኝ። "እትዬ አረፉ" አለኝ። በጭድ ፍራሽ ላይ፣ ሴቶች ከበዋቸው፣ በእንቅልፋቸው ነው ያረፉት። እኔ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ባለቤቴም አለቀሰች፤ ቆይታ ፊቷን ታጠበችና መጥታ ከፊቴ ቆመች።

"አሁን ዋስህ ማን ነው?" አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። ቀልድ አልነበረም። አንድም ቀን እጄን አላነሳሁባትም፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ቢሆንም ጠየቀችኝ፤ ልክ ናት። ጌታቸው ገብቶ ከተቀመጠበት ወንበር ተነሳ።

"እኔ ነኝ" አላት። "ሮቤ ቤት አለኝ። እናቴም እኔ ጋ ናት፤ በሩን እሷ ትከፍትልሻለች።"

ባለቤቴ ወደ እሱ ዞረች። ከዚያ "እቀበላለሁ" አለች።